ደመናውን የሚመግበው ንፋስ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሚያስብልኝ ሰው በዝቷል። ቤቱን ምን እንደማደርገው፣ እርሻውን ለማን እንደምሰጥ፣ ከየትኛው ዘመድ ጋር ብኖር እንደሚሻለኝ ይነግሩኛል። ሁሉንም ሰማሁና አንድ ማለዳ ሱዳን ጠረፍ ወዳለችው ሽንፋ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መሬቱ ግን ማታ በጣለው ዝናብ ርሷል። ከመኪናው እንደወረድሁ ያ ሽታ ተቀበለኝ። የረጠበ ዋልካ፣ የደረቀ የሰሊጥ አገዳ፣ ትንሽም የትራክተር ናፍጣ። ሻንጣዬን መንገድ ዳር አስቀምጬ ቆምሁ።

ሌሎቹ ከተሞች፣ አብርሃ ጅራም፣ ሳንጃም፣ ቆላ ናቸው፤ መሬቱ ሲረጥብ እንዲሁ ይሸት ይሆናል። ለእኔ ግን ይህ የአክስቴ የማንጠግቦሽ እርሻ ሽታ ነው። ያውም የአንድ ዓመት፣ አምስተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ሽታ።

ትምህርት ሳይከፈት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ አጎቴ የምላቸው የአክስቴ ባል ሞቱ። በእኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ልጅ ይላካል፤ ቤቱ ጭር እንዳይል ነው። አክስቴ ልጅ አልነበራትም። አባቴ ከሳንጃ በጭነት መኪና አምጥቶ ደጇ ላይ ሲያወርደኝ የሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር። «ብቻዋን እንዳትበላ» አለኝ።

ቃሉን እንደ ሕግ ያዝሁት። አክስቴ ቁራሽ ባነሣች ቁጥር ካለሁበት ሮጬ መጥቼ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። አንድ ቀን ወጥ እየሠራች ሽንኩርት ስትቀምስ አይቼ ከውጭ እየሮጥሁ ገባሁ።

«ምነው?» አለችኝ፤ «ሽንኩርቱንም ልንካፈል ነው?»

ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተቀመጡት በአጎቴ ታላቅ ወንድም በአያ ታከለ ጥያቄ ነው። የእሳቸው እርሻና የአክስቴ እርሻ ድንበርተኛ ነው። አያ ታከለ ትራክተር አላቸው፤ ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ክፉ ግን አልነበሩም። ለእኔ ሁልጊዜ ከኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋም ነበር።

«ሴት ልጅ ሳሉግ አታዝም» አሉ። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። «መሬቱ ከእኔ ጋር ይታረስ። እሷን እኔ እጦራታለሁ።»

«ለመጦር ገና አልደረስሁም» አለች አክስቴ። ሽማግሌዎቹ ሳቅ አፈናቸው።

የእነሱ አፍ የሆኑት አንድ ነጭ ጺም ያላቸው አዛውንት ነበሩ። ነገሩን እንዲህ ቋጩት። «ይህን ዓመት እሷ ትረስ። ሰሊጡ ከመሬት ሲነሣ እርሻው ድረስ መጥተን እናያለን። ሰሊጡ ከገባላት መሬቱ በእጇ ይቆያል። ካልገባላት ታከለ ይረሰው።»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማልዳ እየተነሣች ሰማይ ማየት ጀመረች።

እኔ ሰማይ የምታየው አጎቴን ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ሰው ወደ ላይ ሄዱ ብሎኛል። ስለዚህ እኔም ከጎኗ ቆሜ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን «አጎቴ በየት በኩል ነው የወጡት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔም አላየሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ውኃ ስቀዳለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በእጇ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞረችው፤ የደጋው ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ወደሚታይበት። «እኔ የማየው እዚያ ነው። የእኛ ዝናብ የሚፈላው እዚያ ነው።»

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። የሳይንስ መምህራችን ገና ወጣት ነበሩ፤ ወረቀት ለማስተማሪያ መቁረጥ ይወዳሉ። አንድ ቀን ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዘው ክፍል ገቡ። ወረቀት እንደ ተጠመጠመ እባብ አድርገው ቆርጠው በክር ከምድጃው በላይ አንጠለጠሉት። ወረቀቱ ማንም ሳይነካው መዞር ጀመረ።

«ማን ነው የሚያዞረው?» አሉ።

«ጋኔን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

ልጁ አሰበና «አልተዋወቅንም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

መምህራችን ወደ ውጭ አወጡን። ሰማዩ ላይ ጥንብ አንሳዎች እየዞሩ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ክንፋቸውን ዘርግተዋል እንጂ አያርገበግቡም። «በምን ይወጣሉ?» አሉን። መልሱን ራሳቸው ነገሩን። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ መሬቱ ደግሞ አየሩን። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ይወጣል፤ ጥንብ አንሳውም በእሱ ላይ ተሳፍሮ ይወጣል። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ የያዘው ተን ጠብታ ይሆናል። ደመና ማለት ይኸው ነው።

«እዚህ ላይ አድምጡኝ» አሉ። «ላብ ሲደርቅ ገላችሁ የሚቀዘቅዘው ውኃው ተን ሲሆን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ያ ተን ሰማይ ላይ ተመልሶ ውኃ ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ይለቅቃል። ስለዚህ ደመናው ከውስጥ ይሞቃል፤ ስለሚሞቅም የበለጠ ይወጣል። ከበላዩ ያለው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ የሚያቆመው የለም። ነጎድጓድና በረዶ የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ነው።»

«መቼ ነው የሚያቆመው?» አልሁ።

«ምግቡ ሲያልቅ። ደመና የሚበላው እርጥብ አየር ነው።»

ይህን ሰምቼ ጭንቅ ያዘኝ። ከሰዓት በኋላ ሽንፋ ላይ ቅጠል እንኳ የማይነቃነቅበት፣ ሰው አፉን ከፍቶ የሚተነፍስበት ሰዓት አለ። ለካ አየሩ ተነሥቶ ወደ ላይ ሄዶ ነው። ሁሉም ከሄደ እኛ ምን ልንተነፍስ ነው? በነጋታው ገና ሳይሞቅ ባዶ ጀሪካን ግቢው መሀል ከፍቼ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ ክዳኑን ግጥም አድርጌ አልጋ ሥር ደበቅሁት።

አክስቴ ውኃ ልታስቀዳ ስትፈልገው አገኘችው። «ምን አለበት?»

«አየር። ላንቺ ነው፤ ያለቀ ቀን።»

አጎቴ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋችና «የነዳጅ ሽታ አለው እንጂ ሌላው ደኅና ነው» አለችኝ።

ሰሊጡ ቢጫ መሆን ሲጀምር ሳሉጎቹ መጡ። አለቃቸው ይርጋ የሚባል ጎጃሜ ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሥራ ላይ እያለ አፉ የማያርፍ። ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይህን ቁም ክምር ሂላ እንለዋለን። እዚያው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሰሊጡ ፍሬ መያዣ ከአናቱ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጦ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ሰሊጡ ይንዠቀዠቃል። ነገር ግን አፉን በከፈተ ሰሊጥ ላይ ዝናብና ንፋስ ከመጣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዋልካ ጭቃ ደግሞ ሰሊጥ አይለቀምም።

የደረሱት ሂላዎች ተራግፈው ሰሊጡ ሸራ ላይ ተከምሮ ነበር። የቀረው ገለባውን በንፋስ መለየት ነው። ንፋስ ግን የለም። በየቀኑ ይርጋ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያነሣል፤ በየቀኑ ያወርዳል።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አገራችሁ ንፋስም በወረፋ ነው እንዴ?» ይላታል።

«አንተ ዝም ብትል ለአንድ ሰው የሚበቃ ንፋስ ይተርፍ ነበር» ትለዋለች።

ቀልድ ቢሆንም ሁሉም ተጨንቋል። ሳሉጎቹ ወደ ሌላ እርሻ ሊሄዱ ነው። ሽማግሌዎቹም መምጫቸው ደርሷል። ገለባ ለብሶ የተኛ ሰሊጥ ሲያዩ ምን እንደሚሉ አያ ታከለ አስቀድመው ያውቁታል፤ እኛም እናውቀዋለን።

ያን ቀን አክስቴ ጠዋት ለወጥ ጨው ስትጨምር ጨው መዳፏ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አራገፈችው፤ አልወርድ አለ። «አየሩ ገና ውኃ ነው» አለች፤ «ክረምቱ አልወጣም።» ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ ይመስል ነበር። ቀትር ሲሆን ከደጋው ተራራ በላይ አንድ ነጭ ደመና ተነሣ። መጀመሪያ የጥጥ ክምር አከለ። ከዚያ አናቱ ሊገነፍል እንደ ቀረበ ወተት ይነሣ ጀመር። ባየሁት ቁጥር ቅርጹ ሌላ ነው።

ወዲያው ደግሞ ንፋስ መጣ። ከሱዳን በኩል፣ ከምዕራብ፣ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ለስላሳ ንፋስ። ለማናፈስ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሳሉጎቹ ከጥላቸው ተነሡ። ይርጋ ሰፌድ አነሣ።

«እትዬ፣ ወረፋችን ደረሰ» አለ።

በድንበሩ ማዶ የአያ ታከለ ሰዎች ቀድመው ጀምረዋል። ሸራዎቻቸውን በሙሉ ከፍተው ሰሊጡን ከፍ አድርገው ያፈስሳሉ፤ ገለባው በንፋሱ ተይዞ ጭራ ሠርቶ ይሄዳል። አክስቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ያንን ጭራ ታያለች።

«ገለባው ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«ወደ ደመናው።»

«ደመናውስ?»

አየሁት። ተራራውን ለቅቆ ወጥቷል። ከፍ ብሎ አናቱ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥበት መስፍ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ሥሩም ጠቁሯል። «ወደ እኛ» አልሁ።

«እጠፉት» አለች አክስቴ።

ይርጋ ሰፌዱን እንደያዘ ቀረ። «ምኑን?»

«ሸራውን። ሰሊጡ ከነገለባው ጆንያ ይግባ። ያልተራገፉትን ሂላዎች አናታቸውን በልጥ እሰሩልኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ስንት ቀን የጠበቅነውን ንፋስ? እኛ አገር እኮ ንፋስ የነካው ደመና አይዘንብም። ጠርጎ ነው የሚወስደው።»

«የእናንተ አገር ደጋ ላይ ነው። እዚህ ከሥሩ ነህ። እጠፍ።»

ጆንያ ሲዘረጋ አይተው አያ ታከለ ድንበሩን ተሻግረው መጡ። ጸጉራቸው ላይ ገለባ አለ። ደስ ብሏቸዋል፤ ንፋስ ያገኘ ሰው ፊት ነው።

«ማንጠግቦሽ፣ ምን ሆነሻል? የእግዜርን ንፋስ ትመልሺ? ከነገለባው ጆንያ የገባ ሰሊጥ ሽማግሌዎቹ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ገለባው ነገም ይወጣል፣ አያ ታከለ።»

«ንፋሱ ደመናውን እየመለሰው እኮ ነው። አይታይሽም?»

«ቢመልሰው ባነሰ ነበር። ይልቅ ንፋሱ ከመጣ ወዲህ ነው የፈረጠመው። ደመናው ነው ንፋሱን ወደ ራሱ የሚስበው።»

እኔ መሀል ገባሁ። «መምህራችንም ደመና የሚበላው እርጥብ አየር ነው ብለዋል።»

«ይኸው፣ መምህርም መጣችልን» አሉ አያ ታከለ። ሳሉጎቹ ሳቁ።

አክስቴ አልሳቀችም። «እኔን ያስተማረኝ ሰሊጤ ነው» አለች። «ከወንድምዎ ጋር በዚሁ ንፋስ ተታልለን ሸራ ከፍተን ነበር። ያን ቀን ንፋሱ ሲያምር ለጉድ ነው። ማታ ሁለታችን ጭቃ እንፍቅ ነበር። እርስዎ ያኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበሩ። ልጆችዎን ይጥሯቸውና ሸራዎን ያሳጥፉ።»

«አንቺ እጠፊ» አሉ። «እኔ ገለባ ለሽማግሌ አላሳይም።» ተመልሰው ሄዱ።

አክስቴ ወደ ሸራዋ ዞረች። ከተሳሳተች ንፋሱ አለፈ፤ ሳሉጎቹም ሄዱ። ሰሊጧ ገለባ፣ መሬቷም የአያ ታከለ ሊሆን ነው። ቢሆንም ጆንያውን አፉን ከፍታ ራሷ ያዘች። እኔ በትንሽ ሳህን እጨምራለሁ። ገለባው አንገቴ ውስጥ ገብቶ ያሳክከኛል። ይርጋ እያጉረመረመ ያስራል፤ እያጉረመረመም ቢሆን አጥብቆ ነበር የሚያስረው። ጆንያዎቹን በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድረን ሸራውን በላያቸው ጣልንና አሰርነው።

የመጨረሻውን ሂላ ሲያስሩ ንፋሱ ቆመ። አንድ ሰው በር የዘጋበት ያህል ነበር። ወፎች ዝም አሉ። ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ይሞቃል፤ ፀሐይ ግን የለችም፣ የደመናው አናት ሸፍኗታል። ከዚያ ከምሥራቅ በኩል ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካው። እንደ ጉድጓድ አፍ ይሸታል፣ ውኃ ውኃ።

አክስቴ ድንበሩን አሻግራ አየች። የአያ ታከለ ሸራዎች እንደተከፈቱ ናቸው፤ ሰዎቹ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ።

«ይርጋ፣ ልጆቹን በሙሉ ይዘህ ወደ አያ ታከለ ሩጥ።»

«መሬትሽን ሊወስድ ለተነሣ ሰው?»

«ሰሊጡ ምን አደረገኝ?» አለች።

ይርጋ አንድ ጊዜ አያትና ሮጠ። ሁሉም ተከተሉት።

እኛ ከማሽላ አገዳ ወደተሠራው የእርሻ ዳሳችን ገባን። አቧራው እንደ ግድግዳ ሆኖ መጣ፤ ሱዳኖቹ ሃቡብ የሚሉት ነው። ከኋላው ዝናቡ፣ ከዝናቡ ጋር በረዶው። ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመውን ግራር መብረቅ ሲሰነጥቀው አየሁ፤ ድምፁ ከብርሃኑ ጋር እኩል ነው የመጣው። መምህራችን ዝናቡ ሲወርድ ቀዝቃዛውን አየር አብሮ ይዞት ይወርዳል፣ መሬት ላይ ሲደርስ እንደ ተደፋ ውኃ ይሰራጫል ብለውን ነበር። በፈራሁ ጊዜ ያ ትዝ አለኝ። የወጣው አየር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አላለቀም። ደስ አለኝ።

አክስቴ ከመቀነቷ ደረቅ ዳቦ ፈትታ ቆረሰች። ነጎድጓዱ ቢያስፈራኝም ተነሥቼ አጠገቧ ሄድሁ። ግማሹን ሰጠችኝ።

ዝናቡ ሲያባራ አያ ታከለ መጡ። ልብሳቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። ከሰሊጣቸው ገሚሱን ሳሉጎቻችን አድነውላቸዋል፤ ገሚሱ ከጭቃው ጋር ሄዷል። ዳሱ በር ላይ ቆሙ። አክስቴ ከዳሱ ጥግ የአጎቴን ጋቢ አመጣች፤ ከተቀበሩ ወዲህ ማንም ያልነካውን። አያ ታከለ አወቁት። ትንሽ አመነቱና ለበሱት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። ሳሉጎቹ ሄዱ፤ ይርጋ ብቻ «ያጠፍሁትን ሳልዘረጋ አልሄድም» ብሎ ቀረ። ሰሊጡ እንዳይሻግት ጠዋት ጠዋት ከጆንያ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ እኔ በእጄ አገላብጠዋለሁ፤ ቀትር ሳይሆን መልሰን እናስገባለን። ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ ከሱዳን በኩል ንፋስ ይመጣል፤ አክስቴ አትነካውም። መንገደኛ ሁሉ ያዝንላታል። «ገለባ አሳዳሪ» የሚል ስም ወጥቶላታል አሉ። ሰምታ «ገለባውም ቤት ይፈልጋል» አለች።

ሽማግሌዎቹ በመጡበት ጠዋት ንፋሱ ዞሮ ነበር። ከሰሜን ነው የሚነፍሰው፤ ደረቅ፣ ቀጭን፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። አክስቴ ግን ሽማግሌዎቹን ሳታስቀምጥ ሰሊጧን አልከፈተችም። ተቀመጡ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያ እሷና ይርጋ ሸራውን ዘረጉት፤ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈቱ። ሰሊጡ ከሰፌዱ ሲወርድ ገለባው ተለይቶ ወደ ጎን ሄደ፤ ከሥር ነጭ ሆኖ የሚከመረው ንጹሕ ሰሊጥ ብቻ ነው። ጆንያ በጆንያ ቀጠሉ። ክምሩ አደገ።

አያ ታከለም ከድንበሩ ማዶ የተረፋቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሸራቸው እንደታጠፈ በክንዳቸው ሥር ነው። ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ክምሩን አዩና ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እህ፣ ታከለ፣ አሁን ምን ትላለህ?»

 አያ ታከለ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ማንጠግቦሽ፣ ይህ ንፋስ ይታመናል?»

አክስቴ ሰፌዷን ዝቅ አድርጋ ወደ ተራራው አየች። ምንም የለም። የተሰነጠቀ ከንፈሯን በምላሷ ነካችው።

«ይታመናል» አለች። «ደመና የሚመግብ ውኃ የለውም። ይክፈቱ።»

አያ ታከለ ጎንበስ ብለው ሸራቸውን ከድንበሩ ወዲያ፣ በራሳቸው መሬት ላይ ዘረጉት። የእኛ ገለባ እየበረረ ሽማግሌዎቹ ላይ ያርፍ ነበር። አዛውንቱ ጺማቸውን አራግፈው ተነሡ።

«በሉ፣ እኛ ጨርሰናል፤ ሰሊጡ ገብቶላታል» አሉ። «ገለባ ሳንበላ እንሂድ።»